ለደከመ ልብ የሚሻለው ዕረፍት ነውን ወይስ እንቅስቃሴ?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ዕለት በሳይንስ ክበብ አባሎች ስም በአዳራሹ የተደረገ ንግግር)





ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን በምናከብርበት በዚህ በዓል ላይ ለሳይንስ ክበባችን ተራ ተሰጥቶት ጥቂት ቃል እንድንናገር ስለ ተፈቀደልን ከሁሉ አስቀድመን ምስጋናችንን እናቀርባለን። የመረጥነው ርእስ በመጀመሪያ ሲሰሙት እርስ በርሱ የሚጣላ ይመስላል፤ ይኸውም ልባቸው ለደከመ ሕሙማን የሰውነት እንቅስቃሴ እንደ መድኃኒት መታዘዙ ነው። «የደከመን ሰው ተነሥና ሂድ ማለት ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» የሚል ቢኖር አንፈርድበትም፤ በዓለም የታወቁ ሐኪሞችም ለብዙ ዘመን እንዲሁ ሲሉ ኖረዋልና።

ይህን ርእስ የመረጥንበት ምክንያት አለን። በየቤታችንና በየጎረቤታችን እግሩ የሚያብጥ፣ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥር አባት ወይም እናት አይታጣም። ከእኛ ከተማሮች መካከልም በልብ ሕመም ምክንያት በስፖርት ክፍለ ጊዜ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ጓደኞቹን ሲመለከት የሚውል አለ። እነዚህን ሰዎች ስለምንወዳቸው «ተቀመጡ፤ አትነሡ፤ እኛ እንሠራላችኋለን» እንላቸዋለን። ፍቅሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን ፍቅር ዕውቀት ሲጎድለው የሚወደውን ሰው ሊጎዳ ስለሚችል ነገሩን በሚገባ መመርመር ያስፈልጋል። በንግግራችን ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በመጀመሪያ ስለ ልብ ሥራ ጥቂት እናስታውስ። ደም ከልብ ወጥቶ መላ ሰውነትን ከዞረ በኋላ ተመልሶ ወደ ልብ እንደሚገባ ያስረዳው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሃርቪ ነው፤ መጽሐፉን ያሳተመውም በ1628 ዓመት ነበር። ልብ በመጠኑ የተጨበጠ እጅ የሚያህል፣ በሙሉ ሰው ላይ 300 ግራም ገደማ የሚመዝን ጡንቻ ነው። ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ ልቡ በደቂቃ 70 ጊዜ ያህል ይመታል፤ ይህም በአንድ ቀንና ሌሊት ሲታሰብ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሆናል። በየደቂቃው 5 ሊትር ያህል ደም ስለሚገፋ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ7,000 ሊትር በላይ ደም ያመላልሳል ማለት ነው። ጤነኛ ወጣት በብርቱ ሲሮጥ ደግሞ ልቡ ይህን መጠን በየደቂቃው አራት እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል።

እንግዲህ የልብ ድካም ምንድን ነው? በአማርኛችን ይህ ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን ሲያመለክት ይሰማል። አንደኛው የልብን ጡንቻ የሚመግበው የደም ቧንቧ በድንገት ሲደፈን የሚመጣውና በደረት ላይ ብርቱ ሕመም የሚያስከትለው አደጋ ነው። ሁለተኛው ግን የልብ ጡንቻ ከጊዜ ወደ ጊዜ ኀይሉ እየቀነሰ፣ ወይም እየደነደነ ሄዶ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም ማድረስ ሲያቅተው የሚሆነው ነው። ዛሬ የምንናገረው ስለዚህ ስለ ሁለተኛው ነው። መነሻውም ብዙ ነው፤ ለብዙ ዓመታት ሳይታከም የቆየ የደም ግፊት፣ ቀደም ብለን የጠቀስነው የደም ቧንቧ መደፈን፣ የልብ ቫልቮች፣ ማለት የደሙ መግቢያና መውጫ በሮች መበላሸት፣ የልብ ጡንቻ የራሱ ሕመምና ሌላም ሌላም አለ። ምልክቶቹም የታወቁ ናቸው፤ የትንፋሽ ማጠር፣ ጋደም ሲሉ መታፈን፣ የእግር ማበጥ፣ ቶሎ መዛል።

ስሙ ራሱ አሳሳች ነው። «ድካም» በተባለ ጊዜ ወዲያው ወደ አሳባችን የሚመጣው ዕረፍት ነው። በእርሻ ውሎ የደከመ ገበሬ ተኝቶ ቢያድር ማለዳ ታድሶ ይነሣል። የልብ ድካም ግን እንዲህ ያለ ድካም አይደለም፤ በመኝታ የሚለቅ ቢሆን ኖሮ ሕሙማኑ ሁሉ በአንድ ሳምንት በዳኑ ነበር።

የሕክምና ታሪክን ስንመለከት እንቅስቃሴ ለልብ ይጠቅማል የሚለው አሳብ ፈጽሞ አዲስ እንዳልሆነ እንረዳለን። በሚራመዱበት ጊዜ ደረታቸውን ስለሚያማቸው ሰዎች አስቀድሞ በትክክል የጻፈው የለንደኑ ሐኪም ዊልያም ሄበርደን፣ በ1802 በታተመው መጽሐፉ ውስጥ በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት እንጨት በመጋዝ መቁረጥን ልማድ ያደረገ አንድ ሕመምተኛ ከሕመሙ ለመዳን ጥቂት እንደ ቀረው ጽፏል። የደብሊኑ ሐኪም ዊልያም ስቶክስ ደግሞ በ1854 ባሳተመው የልብ በሽታዎች መጽሐፍ ለአንዳንድ ሕሙማን በመጠን የተደነገገ የእግር ጉዞ ይመክር ነበር። በጀርመን አገርም ማክስ ኧርትል የተባለ የሙኒክ ሐኪም በ1880ዎቹ ሕሙማኑን በተለካ ዳገት ላይ ቀስ በቀስ እያስወጣ ያክም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተዘነጋ። በ1912 አሜሪካዊው ሐኪም ጄምስ ሄሪክ የልብ የደም ቧንቧ ሲደፈን የሚደርሰውን አደጋ በግልጽ ካስረዳ በኋላ፣ ሐኪሞች የተጎዳው ልብ እንዳይቀደድ በመፍራት ሕመምተኛው ለስድስት ሳምንት ያህል ከአልጋ እንዳይነሣ ያዝዙ ጀመር። ሕመምተኛው ራሱ እንዳይጎርስና ራሱ እንዳይገላበጥ የተከለከለበት ጊዜ ነበር። ልቡ ከጊዜ ወደ ጊዜ ለደከመ ሰውም ትእዛዙ ይኸው ነበር፤ በ1960ዎቹ እንኳ የልብ ጡንቻ ሕመም ላለበት ሰው ብዙ ወራት የሚፈጅ የአልጋ ዕረፍት የሚያዝዙ ሐኪሞች ነበሩ።

ይህን ልማድ ያናወጡት ጥቂት ሰዎች ናቸው። በ1952 የቦስተኖቹ ሐኪሞች ሳሙኤል ሌቪንና በርናርድ ላውን ልባቸው የተጎዳ ሕሙማንን ከመጀመሪያዎቹ ቀኖች ጀምሮ ከአልጋ አንሥተው በባለ መደገፊያ ወንበር ላይ እያስቀመጡ ማከማቸውን ጽፈው አወጡ፤ የተፈራውም ጥፋት አልደረሰም። በ1953 ደግሞ ጄረሚ ሞሪስ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡሶች ላይ የሚሠሩትን ሰዎች መርምሮ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አገኘ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚውለው ነጂ፣ ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ከሚውለው ቲኬት ቆራጭ ይልቅ በልብ የደም ቧንቧ ሕመም አብዝቶ ይጠቃ ነበር። ሁለቱም በአንድ አውቶቡስ፣ በአንድ ከተማ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ዋነኛው ልዩነታቸው የአንደኛው መቀመጥና የሁለተኛው መንቀሳቀስ ነበር።

በመስከረም 1955 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ድዋይት አይዘንሃወር በልብ አደጋ በታመሙ ጊዜ ያማከራቸው ዶክተር ፖል ዳድሊ ኋይት፣ ራሱም ብርቱ ተራማጅና ቢስክሌት ነጂ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ቀስ በቀስ እንዲንቀሳቀሱና ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ መከረ፤ እሳቸውም በ1956 እንደገና ተመርጠው እስከ 1961 ድረስ አገራቸውን መርተዋል። ይህ በጋዜጣ ሁሉ ላይ የተነገረ ነገር ስለ ነበረ፣ ልቡ የታመመ ሰው ሁሉ ከሥራና ከኑሮ ተለይቶ መቀመጥ እንደሌለበት ብዙ ሕዝብ እንዲረዳው አድርጓል።

ነገር ግን ዕረፍት ሰውነትን ምን እንደሚያደርገው በጥሩ ሁኔታ ያሳየው በ1966 በዳላስ ከተማ የተደረገው ምርመራ ነው። ይህን በተለይ ለእናንተ ለተማሮች እንነግራችኋለን፤ የተመረመሩት በእናንተ ዕድሜ አጠገብ ያሉ ወጣቶች ነበሩና። ስዊድናዊው የሰውነት አሠራር ሊቅ ቤንግት ሳልቲንና የሥራ ጓደኞቹ አምስት ጤነኞች የ20 ዓመት ወጣቶችን ለሦስት ሳምንት ያህል በአልጋ ላይ አስተኟቸው። ሦስቱ ሳምንት ሲፈጸም ሰውነታቸው በብርቱ ሥራ ጊዜ ኦክሲጅን ለመጠቀም ያለው ችሎታ ከሩብ በላይ ቀንሶ ተገኘ። ከዚያ ሁለት ወር ያህል በስፖርት ሲያሠለጥኗቸው ኀይላቸው ተመለሰ፤ ከቀድሞውም በለጠ። ከ30 ዓመት በኋላ፣ በ1996፣ እነዚያው አምስት ሰዎች በ50 ዓመት ዕድሜያቸው እንደገና ተመረመሩ። በዚያን ጊዜ ከአምስቱ አንዱም እንኳ ከሦስት ሳምንት መኝታ በኋላ ከነበረው ዝቅ ብሎ አልተገኘም። 30 ዓመት እርጅና ያላደረገውን ሦስት ሳምንት መኝታ አድርጎት ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ጤነኛውን ወጣት እንዲህ ያደረገ መኝታ ልቡ የደከመውን ሽማግሌ ምን ሊያደርገው እንደሚችል እያንዳንዳችን ልንገምተው እንችላለን።

አሁን «ልብ ከደከመ እንቅስቃሴ እንዴት ሊጠቅመው ይችላል?» ወደሚለው ጥያቄ እንለፍ። ሊቃውንት የልብ ድካም ያለባቸውን ሰዎች ሲመረምሩ አንድ ያልጠበቁት ነገር አጋጠማቸው። ልቡ እጅግ የደከመ ሆኖ ሳለ ደኅና የሚራመድ ሰው አለ፤ የልቡ አገፋፍ ከዚህኛው የተሻለ ሆኖ ሳለ ጥቂት እርምጃ የሚያቅተው ሰውም አለ። ስለዚህ የሕመምተኛው ድካም ሁሉ ከልብ ብቻ የመጣ አለመሆኑ ታወቀ። ሰው ከሥራ ሲርቅ የእግሩ ጡንቻ ይሰላል፤ በጡንቻው ውስጥ ኦክሲጅንን ተጠቅመው ኀይል የሚሰጡት ሚቶኮንድሪያ የሚባሉት ጥቃቅን ክፍሎች ይቀንሳሉ፤ የደም ሥሮቹም ደም ሲያስፈልግ እንደ ቀድሞው አይሰፉም። ጡንቻው እንዲህ ሲዳከም ትንሽ ሥራ እንኳ ብዙ ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ሕመምተኛውም ትንፋሹ ስለሚያጥር ይቀመጣል፤ ስለሚቀመጥ ጡንቻው ይበልጥ ይሰላል፤ ጡንቻው ስለ ሰለለ ትንፋሹ ይበልጥ ያጥራል። ይህ ክፉ አዙሪት ነው።

እንቅስቃሴ የሚገባው በዚህ አዙሪት መካከል ነው። በመጠን የተሰጠ ልምምድ የደከመውን ልብ እንደ አዲስ ባያደርገውም፣ ጡንቻው ከሚደርሰው ደም ብዙ ኦክሲጅን እንዲወስድ ያደርጋል፤ የደም ሥሮቹን የመስፋት ችሎታ ያሻሽላል፤ ልብን ዘወትር የሚያጣድፈውን የነርቭ ግፊት ይቀንሳል። ነገሩን በምሳሌ ለመግለጽ፣ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ቢደክም ፈረሱን ብቻ ከመመልከት የጋሪውንም ጎማ ማየት ይገባል። ጎማው ቅባት ካገኘና በደኅና ከዞረ ያው የደከመው ፈረስ ጭነቱን በቀላሉ ይጎትታል።

ይህ አሳብ በምርመራ ተፈትኗል። በ1988 በአሜሪካ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የልባቸው ኀይል እጅግ የቀነሰ 12 ሕሙማን ለጥቂት ወራት በሐኪም ጥበቃ ሥር ሠልጥነው የሥራ ችሎታቸው በአምስተኛ እጅ ያህል ከፍ አለ። በ1990 ደግሞ በእንግሊዝ አገር ዶክተር አንድሩ ኮትስና ጓደኞቹ 11 ሕሙማንን በየቤታቸው ቆሞ በሚዘወር ቢስክሌት ላይ ለስምንት ሳምንት አለማምደው ኀይላቸው መጨመሩንና የሕመማቸው ምልክት መቀነሱን አሳዩ። ቁጥሩ ጥቂት ቢሆንም ለብዙ ዘመን የኖረውን ፍርሃት ለማስወገድ በር ከፋች ሆነ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምርመራ ውጤቱ በ2009 የወጣው ሲሆን፣ በአሜሪካ፣ በካናዳና በፈረንሳይ 2,331 ሕሙማን ተካፍለውበታል። እኩሌቶቹ የተለመደውን መድኃኒት ብቻ፣ እኩሌቶቹ መድኃኒቱንና የእንቅስቃሴ ልምምድን አንድነት አገኙ። ልምምዱም በመጀመሪያ በአሠልጣኝ ፊት 36 ጊዜ ከተደረገ በኋላ በቤት እንዲቀጥል ተደረገ። በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ክትትል ውስጥ የሞቱት ወይም ሆስፒታል የተኙት፣ ካልሠለጠኑት ከ100 ሰው 68፣ ከሠለጠኑት ከ100 ሰው 65 ሆኑ። ልዩነቱ ትንሽ ስለ ሆነ እንዲያው በአጋጣሚ የመጣ ሊሆን ይችላል ተባለ፤ የሕሙማኑ የሕመም ክብደት ታስቦ ሒሳቡ ሲስተካከል ግን ጥቅሙ ጎልቶ ታየ።

ይህን ቁጥር ሳንሸሽግ የምንናገረው ሳይንስ እውነቱን በልኩ መናገር ስለሚያስተምረን ነው። እንቅስቃሴ ሞትን የሚያስቀር ተአምር ነው የሚል ሰው ከተገኘው ማስረጃ በላይ ይናገራል። ከዚህ ምርመራ በእርግጥ የተረዳነው ሦስት ነገር ነው። 1ኛ፣ በሚገባ የተመረጠ ሕመምተኛ በመጠን ቢንቀሳቀስ ጉዳት የሚያመጣበት አለመሆኑ፤ 2ኛ፣ የሚንቀሳቀሱት ሰዎች ኑሯቸው የተሻለ መስሎ እንደሚሰማቸው፤ 3ኛ፣ ጥቅሙ የሚገኘው ለሚጸኑበት ሰዎች መሆኑ ነው፤ ከሠለጠኑት መካከል ብዙዎቹ ጊዜው እየረዘመ ሲሄድ የታዘዘላቸውን ያህል አልፈጸሙምና። ክኒን ቢሆንም ካልዋጡት አያድንም። ከዚህ በኋላ የተደረጉ ብዙ ምርመራዎች አንድ ላይ ሲታዩ ልምምዱ ሕሙማን እንደገና ሆስፒታል የሚገቡበትን ጊዜ እንደሚቀንስ ያመለክታሉ። በ2021 የወጣው ሌላ የአሜሪካ ምርመራ ደግሞ 349 በዕድሜ የገፉ፣ በልብ ድካም ሆስፒታል ተኝተው የነበሩ ሕሙማንን ሚዛን በመጠበቅ፣ ከወንበር በመነሣትና በመራመድ አለማምዶ በሦስት ወር ውስጥ አቋማቸው መሻሻሉን አሳይቷል። በዚህም ምክንያት በ2021 የወጣው የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ፣ የሚችል የልብ ድካም ሕመምተኛ ሁሉ እንዲንቀሳቀስ አጥብቆ ይመክራል።

ልምምዱ እንዴት ይደረጋል? ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪሙ ሕመምተኛውን ይመረምራል። አንዱ ቀላል መመርመሪያ የስድስት ደቂቃ ጉዞ ነው። 30 ሜትር በተለካ ደልዳላ መተላለፊያ ላይ ሕመምተኛው ለስድስት ደቂቃ እየተመላለሰ የቻለውን ያህል ይራመዳል፤ ቢደክመው ቆሞ ማረፍ ይፈቀድለታል። በመጨረሻ የሄደው ርቀት በሜትር ይመዘገባል። ከ300 ሜትር በታች የሆነ እንደ ሆነ ሕመሙ የጠና መሆኑን ያመለክታል፤ ከጥቂት ወር ልምምድ በኋላ ሲለካም መሻሻሉ ይታወቃል። ውድ መሣሪያ የማይጠይቅ፣ ሰዓትና ሜትር ብቻ የሚበቃው መመርመሪያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶቻችንን ምሳሌ መከተል ነው። በጣም የደከመ ሰው በቀን አምስት ወይም አሥር ደቂቃ በመራመድ ይጀምራል፤ ሁለት ደቂቃ ሄዶ አንድ ደቂቃ ቢያርፍም ነውር የለበትም። በየሳምንቱ ጥቂት ደቂቃ እየጨመረ፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን፣ በአንድ ጊዜ እስከ ግማሽ ሰዓት ድረስ ይደርሳል። በመጀመሪያ ሰውነትን ማሟሟቅ፣ በመጨረሻም በድንገት ሳይቆሙ እርምጃን እያዘገዩ ማብቃት ይገባል። መጠኑን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ንግግር ነው። እየሄደ ከጎኑ ካለው ሰው ጋራ መነጋገር የሚችል፣ ዘፈን ለመዝፈን ግን ትንፋሽ የማይበቃው ከሆነ መጠኑ ደኅና ነው። መነጋገር ካቃተው አብዝቷል፤ ያዝግም። ከመራመድ በተጨማሪ ከወንበር መነሣትና መቀመጥ፣ ቀላል ክብደት ማንሣትም ጡንቻን ያበረታል፤ ነገር ግን ክብደት ሲያነሡ ትንፋሽን አምቆ መያዝ አይገባም።

የአገራችንን አቀማመጥም ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት፤ አየሩ ስስ፣ መንገዱም ዳገትና ቁልቁለት የበዛበት ነው። እንግዲህ በደጋው የሚኖር ሕመምተኛ ለመጀመሪያ ልምምዱ ደልዳላውን መንገድ ይምረጥ፤ በቆላ የሚኖረውም የቀትሩን ፀሐይ ትቶ በማለዳ ወይም ወደ ማታ ይሂድ። ምግብ እንደ በላ ወዲያው አይነሣ።

አሁን የምንናገረውን በተለይ ወላጆች በጥብቅ እንዲያደምጡልን እንለምናለን። ይህ ሕክምና የሚሰጠው ሕመሙ ለረጋለትና መድኃኒቱን በሚገባ ለሚወስድ ሰው ነው። ተቀምጦ እያለ ትንፋሹ የሚያጥር፣ እብጠቱ እየጨመረ የሚሄድ፣ ደረቱን የሚያመው፣ ራሱን የሚስት፣ ትኩሳት ያለው፣ የልቡ አመታት የተዘበራረቀ፣ ወይም ዋናው የልብ ቫልቭ እጅግ የጠበበበት ሰው አስቀድሞ ሊታከም እንጂ ሊለማመድ አይገባውም። በልምምድ መካከልም ማዞር፣ የደረት ሕመም ወይም ያልተለመደ የትንፋሽ ማጠር ቢመጣ ወዲያው ቆሞ ለሐኪም መናገር ነው። ሕመምተኛው ማለዳ ማለዳ ቢመዘን መልካም ነው፤ በሦስት ቀን ውስጥ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ በላይ ቢጨምር ውኃ በሰውነቱ እየተጠራቀመ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ማስታወቅ ይገባዋል። እንቅስቃሴ የመድኃኒት ጓደኛ ነው፤ መድኃኒቱን አስጥሎ በቦታው የሚገባ አይደለም።

ይህ ነገር እኛን በተለይ የሚነካበት ምክንያት አለው። በ2012 በወጣና አገራችን ኢትዮጵያ በተካፈለችበት ምርመራ፣ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በልብ ድካም ሆስፒታል የገቡ 1,006 ሕሙማን ተመዝግበው ነበር። አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት ሆኖ ተገኘ። በአውሮፓና በአሜሪካ ይህ ሕመም በአመዛኙ የሽማግሎች ሕመም ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ግን ቤተ ሰቡን ሠርቶ በሚያበላው፣ ልጆቹን በሚያስተምረው ሰው ላይ ይመጣል ማለት ነው። ዋናው መነሻ የደም ግፊት ነበር፤ ከመነሻዎቹም አንዱ በልጅነት የሚመጣው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። ይህ ሕመም ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ተሕዋስ ከሚመጣ የጉሮሮ ሕመም ይጀምራል፤ ያ የጉሮሮ ሕመም በጊዜው በፔኒሲሊን ሳይታከም ቀርቶ የሩማቲክ ትኩሳትን ያመጣ እንደ ሆነ የልብን ቫልቮች ያበላሻል። ስለዚህ «ሳይቃጠል በቅጠል» እንደሚባለው የልጆችን የጉሮሮ ሕመም በንቀት አለማለፍ፣ ሩማቲክ ትኩሳት የያዘውም ልጅ በሐኪም የታዘዘለትን የፔኒሲሊን መርፌ ቀኑን ሳያሳልፍ እንዲወጋ ማድረግ ከሁሉ የሚቀድም ሥራ ነው። የጠበበን ቫልቭ እንቅስቃሴ አይከፍተውም፤ እርሱ የሐኪም እጅ ይፈልጋል። ከታከመ በኋላ ግን ልጁ ወደ ጓደኞቹ ጨዋታ በምን ያህል መጠን እንደሚመለስ ሐኪሙን መጠየቅ የሁላችን ግዴታ ነው።

ለልብ ሕሙማን ልዩ የመለማመጃ አዳራሽ በየስፍራው አይገኝም። ይህ ግን ምክንያት ሊሆነን አይገባም፤ በ2019 በብሪታንያ የወጣ ምርመራ፣ 216 ሕሙማን በተካፈሉበት፣ በየቤታቸው ከአስታማሚ ዘመዳቸው ጋራ በነርስ ወይም በሌላ ባለሙያ ምክር የተለማመዱት ሰዎች ኑሯቸው መሻሻሉን አሳይቷል። ቤታችንም ደጃችንም መለማመጃ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ንግግራችንን ከመፈጸማችን በፊት ሦስት ልመና እናቀርባለን።

ለወላጆቻችንና ለቤተ ሰብ፦ ልባቸው ለደከመ እናት ከእጃቸው ሥራን ሁሉ መንጠቅ ደግነት ይመስላል፤ ነገር ግን ቡናቸውን መቁላት፣ ጀበናውን ማቅረብ፣ እስከ ጎረቤት ቤት ሄደው መመለስ የሚችሉ እናት ይህን ሁሉ ሲከለከሉ ጡንቻቸው ብቻ ሳይሆን በቤቱ ውስጥ ያላቸው ስፍራም አብሮ ይቀንሳል። ውኃ መቅዳቱን፣ እንጨት መሸከሙን እንውሰድላቸው፤ የሚችሉትን ግን እንተውላቸው፤ በጉዟቸውም ከጎናቸው እንሂድ።

ለመምህራኖቻችን፦ የልብ ሕመም ያለበት ተማሪ ከሐኪም የሚያመጣው ወረቀት «ከስፖርት ነፃ ነው» በሚል ቃል ብቻ እንዳያበቃ፣ ይልቁንም ምን ያህል መራመድ፣ በየትኛው ጨዋታ መካፈል እንደሚፈቀድለትና ከምን መጠበቅ እንዳለበት እንዲዘረዝር ቢጠየቅ እንለምናለን። ከዛፍ ሥር የተቀመጠው ልጅ ሰዓት ከመያዝና ነጥብ ከመቁጠር የሚበልጥ ድርሻ ሊኖረው ይችል ይሆናል፤ ሳንጠይቅ ግን አናውቀውም።

ለእኛ ለተማሮች፦ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስንመለስ ግማሽ ሰዓት ለአንድ ሕመምተኛ ዘመዳችን ማዋል አያቅተንም። ሐኪሙ ከፈቀደ፣ አባታችንን ወይም አያታችንን ይዘን በደልዳላው መንገድ እንሂድ፤ የሄዱበትን ደቂቃ በደብተር እንመዝግብ፤ በወሩ መጨረሻም ከመጀመሪያው ጋራ እናስተያየው። ልምምድ በሁለተኛው ወር የሚተወው ብቻውን የሚሄድ ሰው ስለሚሰለቸው ነው፤ ከጎኑ የሚጠብቀው ልጅ ያለው ሰው ግን በየማታው ጫማውን ያጠልቃል።

ልብ ከእናት ማኅፀን ጀምሮ አንድም ቀን ሥራውን ሳያቋርጥ የሚያገለግለን ጡንቻ ነው። በደከመ ጊዜ ልናግዘው የምንችለው የቀረውን ሰውነት በማበርታት መሆኑን ሊቃውንት በብዙ ድካም መርምረው አስረድተውናል። ዕውቀቱ ተገኝቷል፤ ዋጋውም ጥቂት ደቂቃና ትዕግሥት ነው። የቀረው ሐኪምን ጠይቆ ዛሬ ማታ መጀመር ብቻ ነው።